ከዱባይ የመጣው ሜሞሪ አልገባም አለ!

መቼም ዱባይ ሲባል ለብዙዎቻችን የሚታየን ወርቅና ፎቅ ነው። ዛሬ ግን ወደ ሌላ ሰፈር ልውሰዳችሁ። ከዴራ ገበያ ወደ ክሪኩ ዳር ትወርዱና «አብራ» በምትባለው የእንጨት ጀልባ ወደ ቡር ዱባይ ትሻገራላችሁ። ውኃ የሚያስፈራው ደግሞ እ.ኤ.አ. በ2011 ሥራ በጀመረው የሜትሮ አረንጓዴ መስመር ሄዶ ቀድሞ አል ፋሂዲ ይባል በነበረው ጣቢያ ይወርዳል። ከዚያ የካሊድ ቢን አል ወሊድን መንገድ ይጠይቁ፤ «የኮምፒዩተር መንገድ» ቢሉም ያሳዩዎታል። ሱቁ ሁሉ ላፕቶፕ፣ ገመድና ሜሞሪ ነው።

እኔ ጨርቅና ጫማ የማመላልስ ነጋዴ ነኝ። ከሁለት ዓመት በፊት፣ የመመረቂያ ጽሑፍ እየተየበች የምትተዳደር አንዲት የሰፈራችን ልጅ «ጋሼ፣ ላፕቶፔ ፋይል ስከፍት ድርቅ እያለ አስቸገረኝ፤ ሜሞሪ ይዘውልኝ ይምጡ» አለችኝ። እቁብ ደርሷት ነበርና ብሩን በመሐረብ ቋጥራ ሰጠችኝ።

ሻጩ «ዲዲአር 3 ነው ዲዲአር 4?» ሲለኝ እኔ ምን አውቄ! ላለማፈር ብዬ «አዲሱን ስጠኝ» አልኩት።

አዲስ አበባ ስገባ ጠጋኙ ላፕቶፑን ፈትቶ ቢሞክረው ወይ ፍንክች! ለካስ የልጅቷ ላፕቶፕ የሚቀበለው ዲዲአር 3፣ ባለ 204 እግሩን ነው። እኔ ያመጣሁት ዲዲአር 4 ደግሞ 260 እግር አለው፤ ከሥሩ ያለችው ቁርጥም ቦታዋ ሌላ ነው። በጉልበት ቢገፉት ማስገቢያውን ይሰብራል እንጂ አይገባም። ልጅቷ «ምንም አይደል ጋሼ» አለችኝ። ያቺ «ምንም አይደል» ከስድብ ብሳ ተሰማችኝ። ወሩ ሰኔ፣ ጽሑፍ የሚጎርፍበት ነበር። ደንበኞቿ አንድ ባንድ ወደ ሌላ ቤት ሄዱባት።

ከዚያ በኋላ ጠጋኙ አጠገብ ቁጭ ብዬ የተማርኩትን እነሆ።

አንደኛ፣ በሽታውን ይወቁ። ሥራ ላይ እያሉ ታስክ ማናጀርን ይክፈቱ። ሜሞሪው አፉ ድረስ ከሞላ ሜሞሪ ይግዙ። ሜሞሪው ቦታ እያለው አሮጌው ሃርድ ዲስክ ብቻ 100 በመቶ ላይ ከቆመ ግን መድኃኒቱ ኤስኤስዲ ነው።

ሁለተኛ፣ የድሮውን ሜሞሪ ወረቀት በስልክዎ ፎቶ ያንሱ። የልጅቷ «ፒሲ3ኤል-12800ኤስ» ይል ነበር። 3 ቁጥሯ ትውልዱን፣ «ኤል» በ1.35 ቮልት እንደሚሠራ፣ መጨረሻ ላይ ያለችው «ኤስ» የላፕቶፕ መሆኑን ትናገራለች።

ሦስተኛ፣ ባዶ ማስገቢያ መኖሩንና ላፕቶፑ የሚችለውን መጠን ይጠይቁ። በብዙ ስስ ላፕቶፖች ላይ ሜሞሪው ከቦርዱ ጋር የተበየደ ስለሆነ አይጨመርም። ዊንዶውሱ ባለ 32 ቢት ከሆነም ከ4 ጊጋ በላይ ቢጨምሩ ጥቅሙ አይታይዎትም።

አራተኛ፣ ካልገባ ይቀየር እንደሆነ ሳይከፍሉ ይስማሙ፤ ደረሰኝም ይቀበሉ። ሻጩ አገርዎ ያለውን ላፕቶፕ አላየውም።

በቀጣዩ ጉዞዬ ፎቶውን ይዤ፣ ከራሴ ኪስ ከፍዬ፣ ከነበራት 4 ጊጋ ጋር የሚጣመር ሌላ 4 ጊጋ አመጣሁላት። ጠጋኙ ሲጫነው «ቀጭ» ብሎ ገባ። ፋይሉም ወዲያው ተከፈተ። የሄዱት ደንበኞች ግን ሁሉም አልተመለሱም።

ያ የማይገባው ሜሞሪ ዛሬም መሳቢያዬ ውስጥ አለ። የሰው አደራ በተቀበልኩ ቁጥር አውጥቼ አየዋለሁ። ሳያውቁ ገዝቶ ከማፈር ጠይቆ ማፈር ይሻላል።

ቸር ሰንብቱ!