የጉምሩክ በርና የሸማኔ ድር

ሰው የሚያስፈልገውን ሁሉ ብቻውን ሊያዘጋጅ ስለማይችል፥ ያለውን ሰጥቶ የሌለውን መቀበሉ ከጥንት ዠምሮ የኖረ ልማድ ነው። ይህ ልማድ በሁለት ጎረቤታሞች መካከል ሲሆን መለዋወጥ፥ በሁለት መንደሮች መካከል ሲሆን ገበያ፥ በሁለት መንግሥታት መካከል ሲሆን ደግሞ የውጭ ንግድ ይባላል። ስሙ እየከበረ ሲሄድ ግን አንድ ጥርጣሬ አብሮት ያድጋል፤ ይኸውም «እኔ ከእርሱ የምገዛው እርሱ ከእኔ ከሚገዛው ከበለጠ፥ ተበልጫለሁ» የሚለው ነው። ጥርጣሬው የጸናበት ሰው በሩን ለመዝጋት ያስባል፤ የመንግሥታት በር ጉምሩክ ነው፥ መዝጊያውም ቀረጥ ነው።

በዚህ አጭር ጽሑፍ ልመረምረው የፈለግሁት፥ ይህ ጥርጣሬ ምን ያህል እውነት እንደ ሆነ፥ በሩ ሲዘጋስ በውጭ የሚቀረው ማን እንደ ሆነ ነው። ትምህርቴ ከሁለተኛ ደረጃ ያላለፈ የመንግሥት ሠራተኛ ነኝና፥ የምናገረው እንደ ኤኮኖሚ ሊቅ ሳይሆን በአባያ ዳር እንደሚኖርና ገበያ እንደሚወጣ ሰው ነው።

አርባ ምንጭ የተቆረቆረችው በአባያና በጫሞ ሐይቆች አጠገብ፥ ከጋሞ ደጋ ሥር ነው። ከታች በቆላው ሙዝ፥ ማንጎና ዓሣ አለ፤ ከላይ በጨንቻና በዶርዜ እንሰት፥ ገብስና አፕል ይገኛል። የዶርዜ ሰው ግን ከሁሉ ይልቅ የታወቀው በሽመናው ነው፤ ሴቶቹ ይፈትላሉ፥ ወንዶቹ ይሸምናሉ። የሚፈተለው ጥጥ የቆላ ተክል ስለ ሆነ ደገኛው ከቆላ ይገዛል። የሠራውን ጋቢና ነጠላ ግን በብዛት የሚሸጠው ጥጡን ለሸጠለት ሰው አይደለም፤ ወደ አዲስ አበባ፥ ወደ ሽሮ ሜዳ ይልከዋል። እንግዲህ የአንድ ሸማኔ ቤት ሒሳብ ተጽፎ ቢታይ፥ ሸማኔው ከቆላው ጋር ባለው ንግድ ዘወትር ባለጉድለት፥ ከአዲስ አበባ ጋር ባለው ንግድ ደግሞ ዘወትር ባለትርፍ ሆኖ ይገኛል። በቆላው በኩል ያለበትን ጉድለት እደፍናለሁ ብሎ ጥጥ መግዛቱን ቢተው፥ ጉድለቱ በእርግጥ ይጠፋል፤ ነገር ግን መሸመኛው ባዶውን ይቆማል፥ ከአዲስ አበባ ያገኘው የነበረውም ትርፍ አብሮ ይጠፋል። ከአንድ ገበያ ጋር ያለን ጉድለት ብቻ ነጥሎ መመልከት፥ ከሒሳብ መዝገብ አንድ ገጽ ቀድዶ እንደ ማንበብ ያለ ነው።

ይህን ስል ግን ጉድለት ሁሉ ያለ ጉዳት ያልፋል ማለቴ አይደለም። ገጾቹ ሁሉ ተደምረው፥ ወጪው ከገቢው ለብዙ ዓመታት ሲበልጥ፥ ልዩነቱን የሚሞላው ወይ የዘመድ እርዳታ ወይ ብድር ነው። አገራችን ከውጭ የምታስገባው ዕቃ ወደ ውጭ ከምትልከው ዕቃ በብዙ እጥፍ ሲበልጥ ዓመታት አልፈዋል፤ ልዩነቱም በውጭ አገር ያሉ ወገኖቻችን በሚልኩት ገንዘብ፥ በእርዳታና በብድር ሲሸፈን ኖሯል። በታኅሣሥ 2016 ዓ.ም. ኢትዮጵያ በአንድ ቢሊዮን ዶላር ብድሯ ላይ ልትከፍለው የሚገባትን 33 ሚሊዮን ዶላር ወለድ በጊዜው አለመክፈሏን፥ ከዚያም ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የብር ምንዛሪ በገበያ እንዲወሰን መደረጉን ሁላችንም እናስታውሳለን። አንድ ዶላር 57 ብር ያህል የነበረው በጥቂት ሳምንት ውስጥ ከ100 ብር አለፈ። ስለዚህ ጉድለትን በተመለከተ የሚጠየቀው ዋና ጥያቄ «ከማን ጋር ነው?» የሚለው ሳይሆን «በምን ላይ ዋለ?» የሚለው ነው። ተበድሮ ጥጥ የገዛ ሸማኔ ሸማውን ሸጦ ይከፍላል፤ ተበድሮ ድግስ የደገሰ ግን የሚከፍልበትን በልቶታል።

አሁን ወደ ቀረጡ ልመለስ። ከጥቂት ዓመታት ወዲህ በየገበያው የሐበሻ ጥለት የታተመበት፥ በውጭ አገር በተለይም በቻይና ፋብሪካ የተሠራ ጨርቅ በዝቷል። ሩቅ ሆኖ ለሚያየው የእጅ ሥራ ይመስላል። ከአንድ አረጋዊ የዶርዜ ሸማኔ ጋር ስለዚሁ ስንጫወት፥ «ልጄ፥ እኔ እግሬን ጉድጓድ ውስጥ ከትቼ ብዙ ቀን የምለፋበትን ጥበብ መኪና በአንድ ቀን ስንቱን ሺህ ያትመዋል። መንግሥት ይህን ጨርቅ በበሩ ላይ ስለ ምን አይመልስልንም?» አሉኝ። እኔም «ጋሼ፥ እውነት አለዎት» ብዬ ሰማኋቸው። በዚያው ሰሞን ግን አንዲት ሙዝ የምትሸጥ ሴት ይህንኑ ጨርቅ ስትገዛ አግኝቼ ብጠይቃት፥ «ወንድሜ፥ የእጁን ሥራ ጠልቼ መሰለህ? ለመስቀል አራት ልጆች ማልበስ አለብኝ፤ ገንዘቤ የሚደርሰው እስከዚህ ነው» አለችኝ። ሁለቱም የጋሞ ልጆች ናቸው፤ ሁለቱም እውነት ተናግረዋል። ቀረጥ ከፍ ይበል ሲባል ለአንደኛው የሚጨመረው ከሌላዋ መቀነት የሚወጣ መሆኑን መርሳት አይገባም።

የሽማግሌው ጥያቄ በታሪካችን አዲስ አይደለም። በጥር 1900 ዓ.ም. በዳግማዊ አፄ ምኒልክና በፈረንሣዩ መልእክተኛ በክሎቡኮቭስኪ መካከል በተደረገው ውል፥ ኢትዮጵያ ከውጭ በሚገባ ዕቃ ላይ የምትጥለው ቀረጥ ከመቶ 10 እንዳይበልጥ ተወስኖ ነበር። ሌሎችም መንግሥታት በዚሁ ውል ተጠቃሚ ሆኑ። በ1920ዎቹ ዓመታት የጃፓን የጥጥ ጨርቅ በርካሽነቱ ገበያችንን ሲያጥለቀልቀው፥ አገሪቱ ሸማኔዎቿን ልከልክል ብትል እንኳ እጇ በውሉ ታስሮ ነበር። እንግዲህ «ቀረጥ ፋይዳ የለውም» የሚል ሰው ቢኖር ይህን ታሪክ ቢያስብ መልካም ነው። የበሩን ቁልፍ ሌላ ሰው የያዘበት ባለቤት፥ ቤቱ የራሱ ነው ለማለት ያስቸግራል።

ዛሬ ቁልፉ በእጃችን ነው። ከፍተኛው የጉምሩክ ቀረጥ ለብዙ ዓመታት ከመቶ 35 ሆኖ ቆይቷል፤ የተሰፋ ልብስን የመሰለ ያለቀለት ዕቃም በዚሁ ልክ ሲቀረጥ ኖሯል። ሆኖም ጥለቱ የታተመበት ጨርቅ ገበያውን ከመሙላት አልተመለሰም። ቀረጥ ከፍ ባለ ቁጥር በኬላው ሳይሆን በጫካው የሚያልፍ ሰው ትርፉ ይበዛለታልና፥ ኮንትሮባንድ ያገኘው ይጨምራል፤ መንግሥትም ገቢውን፥ ሸማኔውም ከለላውን ያጣሉ። ሌላም የተሰወረ ነገር አለ። ዛሬ የሸማው ማግ በእጅ ቢፈተልም ድሩ አብዛኛውን ጊዜ የፋብሪካ ክር ነው፤ ለጥለት የሚሆነው የሚያብረቀርቅ ክርም ከባሕር ማዶ የሚመጣ ነው። ቀረጡ በጨርቁ ላይ ብቻ ሳይቆም በክሩም ላይ ሲጫን፥ እንጠብቅህ የተባለው ሸማኔ ራሱ ቀረጥ ከፋይ ይሆናል። የብር ምንዛሪ ሲወርድም የክሩ ዋጋ ወጥቶ መጀመሪያ የሚነካው እርሱን ነው። የቡና ችግኝ እስኪጠና ድረስ ጥላ ይደረግለታል፤ ነገር ግን ጥላው ዝናሙንም የሚከለክል ከሆነ ችግኙ ይደርቃል።

እስከ አሁን የተናገርሁት በአንድ ቤት ውስጥ ስላለው ሒሳብ ነው። ሁለት ጎረቤታሞች እንደ ባላንጣ መተያየት ከዠመሩ በኋላ ነገሩ ምን እንደሚመስል ለማየት ግን ከአባያ ወጥተን ወደ ሰሜን ጠረፋችን መሄድ አለብን። ኤርትራ በ1985 ዓ.ም. ራሷን የቻለች መንግሥት ከሆነች በኋላ፥ ሁለቱ አገሮች እስከ 1990 ዓ.ም. ድረስ በአንድ ገንዘብ፥ በብር፥ ይገበያዩ ነበር። የኢትዮጵያ ገቢና ወጪ ዕቃ አብዛኛው በአሰብ ወደብ ያልፍ ነበር፤ ኤርትራ ለውጭ ከምትሸጠውም አብዛኛውን የምትገዛው ኢትዮጵያ ነበረች። በ1990 ዓ.ም. መጀመሪያ ኤርትራ ናቅፋ የተባለውን ገንዘብ ስታወጣ፥ ናቅፋው ከብር ጋር እኩል ዋጋ ኖሮት እንዲሠራ ፈለገች። የኢትዮጵያ መንግሥት ግን ከ2,000 ብር በማያልፍ የጠረፍ ንግድ ካልሆነ በቀር፥ ንግዱ ሁሉ በባንክ በኩል በውጭ ምንዛሪ እንዲከፈል ወሰነ። ማን በማን ላይ አተረፈ፥ ማን የማንን ሀብት ወሰደ የሚለው ክርክር በሁለቱም ወገን ገነነ። በግንቦት 1990 ዓ.ም. በባድመ ጦርነት ተነሣ።

ጦርነቱን ያመጣው የንግድ ሒሳብ ብቻ ነው ማለት ስሕተት ነው፤ የወሰኑም ክርክር፥ የመሪዎቹም ቂም ነበረበት። ዳሩ ግን ሒሳቡ ለቂሙ ማስረጃ ሆኖ ቀረበ፤ አስቀድሞ በገበያ የሚገናኙ ሰዎችም በምሽግ ተገናኙ። በአሥር ሺህ የሚቆጠሩ ሰዎች አለቁ። የኢትዮጵያ ዕቃ ወደ ጅቡቲ ዞረ፤ አሰብ ያለ መርከብ ቀረች፤ የኤርትራም ፋብሪካዎች ዋናውን ገዢያቸውን አጡ። መስከረም 1 ቀን 2011 ዓ.ም. የዛላምበሳ ጠረፍ በተከፈተ ጊዜ የሁለቱ ወገን ሕዝብ እየተቃቀፈ ሲያለቅስ፥ በማግሥቱም ጤፉንና ሲሚንቶውን ጭኖ ሲሻገር አይተናል። ጠረፉ በወራት ውስጥ ተመልሶ ተዘጋ። ከሃያ ዓመት መለያየት በኋላ ሕዝቡ ለመገበያየት ያሳየው ጥድፊያ ግን፥ በቀድሞው ንግድ ሁለቱም ወገን ተጠቅሞ እንደ ነበረ ከማናቸውም የሒሳብ ሠንጠረዥ ይልቅ ያስረዳል።

የታላላቆቹም መንግሥታት ታሪክ ከዚህ የራቀ አይደለም። አሜሪካ እ.ኤ.አ. በ2018 በቻይና ዕቃ ላይ ከፍ ያለ ቀረጥ ስትዠምር ምክንያት ያደረገችው ከቻይና ጋር ያለባትን ጉድለት ነበር፤ በዚያ ዓመት ከ400 ቢሊዮን ዶላር በላይ ደርሶ ነበርና። ቻይናም የአሜሪካንን ገበሬ አኩሪ አተር በመቅረጥ መለሰች፤ የአሜሪካ መንግሥትም ለተጎዱት ገበሬዎቹ እስከ 28 ቢሊዮን ዶላር የሚደርስ ድጎማ መደበ። እ.ኤ.አ. በ2024 ከቻይና ጋር ያለው ጉድለት ወደ 300 ቢሊዮን ገደማ ወረደ። ይሁን እንጂ አሜሪካ ከዓለም ሁሉ ጋር ያለባት የዕቃ ንግድ ጉድለት ከ900 ቢሊዮን በታች ከነበረው ወደ 1.2 ትሪሊዮን ዶላር አደገ፤ ከቻይና የቀረውን በከፊል ከሜክሲኮና ከቬትናም ትገዛ ነበርና። እ.ኤ.አ. በሚያዝያ 2025 ሁለቱ መንግሥታት እልህ ተጋብተው ቀረጡን አንዱ ከመቶ 145፥ ሌላው ከመቶ 125 ካደረሱ በኋላ፥ በሚቀጥለው ወር ተገናኝተው ለጊዜው ዝቅ አደረጉት። የቻይናም የንግድ ትርፍ ከዓለም ጋር በጠቅላላው አልቀነሰም። ስለዚህ አንድ ገጽ ስለ ተቀደደ የመዝገቡ ድምር አልተለወጠም።

ከዚህ ሁሉ የምረዳው ይህ ነው። በተፎካካሪዎች መካከል ቀረጥ ፋይዳ አለው፤ ነገር ግን ፋይዳው የሚገኘው በልኩና ለታወቀ ጊዜ፥ ከለላ የተደረገለትን ሥራ ለማጠንከር ሲውል ነው። ባላንጣን ለመቅጣት ሲነሣ አስቀድሞ የሚመታው የራስን ገዢና የራስን ሠሪ ነው። ጉድለትም ፋይዳ አለው፤ ነገር ግን መታየት ያለበት በጠቅላላው ድምርና በተገዛው ነገር ዐይነት ነው።

ለአረጋዊው ሸማኔ ጥያቄም መልሴ ከዚሁ የሚመጣ ነው። ከመቶ 35 ወደ ከመቶ 60 ቢወጣ የኮንትሮባንዱን መንገድ ከማስፋት አልፎ ለእርሳቸው የሚጨምርላቸው ጥቂት ነው። ይልቅስ በክሩ ላይ ያለው ሸክም ይቃለልላቸው፤ የታተመው ጨርቅ የታተመ መሆኑ፥ የእጁም ሥራ የእጅ መሆኑ በግልጽ ምልክት ይታወቅ። ለዚህም አርአያ አለን፤ በ1999 ዓ.ም. ኢትዮጵያ ስታርባክስ ከተባለው የአሜሪካ ኩባንያ ጋር በተስማማች ጊዜ፥ የሲዳሞ፥ የሐረርና የይርጋ ጨፌ ቡና ስም የባለቤቱ መሆኑን ያስከበረችው አንዲት ሳንቲም ቀረጥ ሳትጨምር ነው። የጋሞ ሸማኔ ጥበብም እንዲሁ ስሙ ሊጠበቅለት የተገባ ነው። ያች እኅታችንም ርካሹን ጨርቅ ስትገዛ የምትገዛውን ዐውቃ ትግዛ፤ ገንዘቧ በደረሰ ጊዜም እውነተኛውን ከሐሰተኛው ለይታ ታገኘዋለች።

አገራችን በ2011 ዓ.ም. የአፍሪካን አህጉራዊ ነፃ የንግድ ቀጣና ስምምነት አጽድቃ፥ በ2018 ዓ.ም. መባቻ በዚሁ ስምምነት መሠረት የመጀመሪያውን ዕቃ ልካለች። በሮች አንድ በአንድ መከፈታቸው አይቀርም። በዚያን ጊዜ የሚያስፈልገን የመዝገባችንን ሁሉንም ገጽ የማንበብ ትዕግሥት፥ የሠሪዎቻችንንም እጅ የማበርታት ትጋት ነው። ድር ቢያብር አንበሳ ያስር እንዲሉ፥ የደጋውና የቆላው፥ የሸማኔውና የገዢዋ፥ የእኛና የጎረቤቶቻችን ጥቅም አብሮ ሲሸመን ጸንቶ ይኖራል። ሸማኔ ድሩ ቢበጠስበት መሸመኛውን አይሰብርም፤ ጫፉን ፈልጎ ይቋጥረዋል። ሕዝቦችም ንግዳቸው በተበጠሰበት ቦታ እንዲሁ ቢያደርጉ ይበጃቸዋል እላለሁ።