ጊንጆ፤ «የሚከራይ ክፍል አለ?»

ጅማ ሲባል መጀመሪያ ምን ትዝ ይላችኋል? ቡና? ባለሦስት እግር በርጩማ? ጅሬን ኮረብታ ላይ የተሠራው የአባ ጅፋር ቤተ መንግሥት? ልክ ናችሁ፤ ፖስት ካርድ ላይ የሚወጣውም እሱ ነው። እኔ ግን ዛሬ የማስጎበኛችሁ ቱሪስት ካሜራውን የማያወጣበትን ሰፈር ነው። ጊንጆ ይባላል። ከጅማ ቀበሌዎች አንዱ ነው። (ጊንጆ ጉዱሩ የሚባል የስም ሞክሼ ስላለው ባጃጅ ስትይዙ የትኛው እንደሆነ ለይታችሁ ተናገሩ፤ አለበለዚያ ሒሳቡ ሁለት ጊዜ ነው!) እዚህ የሚጎበኝ ሐውልት የለም። ያለው በየግቢው ጀርባ የተደረደረ ሰርቪስ ቤት ነው። ከብዙው በር ጀርባ ደግሞ ተማሪ አለ።

ከአዲስ አበባ 350 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። መኪናው ወሊሶንና ወልቂጤን አልፎ ወደ ግቤ በረሃ ሲወርድ ሹራብ ይወልቃል። ከዚያ ሽቅብ ነው… ሶኮሩ፣ አሰንዳቦ፣ ሰርቦ… ሹራቡ ተመልሶ ይለበሳል። ከተማዋ ከባሕር ጠለል በላይ ከ1,700 ሜትር ከፍ ብላ፣ ተራራ ዙሪያዋን ከቧት ተቀምጣለች። ዝናቡማ አይነሳ! እዚያ ጃንጥላ የሌለው ሰው ጫማ እንደሌለው ይቆጠራል።

መስከረም መጨረሻ ላይ ከሄዳችሁ ከአጋሮ፣ ከሊሙ፣ ከጌራ፣ ከዴዶ የሚመጡትን መኪኖች ጣሪያ ተመልከቱ። ፍራሽ ነው። የተጠቀለለ ፍራሽ፣ ጀሪካን፣ የበሶ ከረጢት። ባለቤቶቹ ውስጥ ተጣበው ተቀምጠዋል፤ የአብዛኞቹ ዕድሜ ከሃያ አይበልጥም። ከመኪና ወርደው የሚጠይቁት የመጀመሪያ ጥያቄ «ኮሌጁ የት ነው?» አይደለም። «የሚከራይ ክፍል አለ?» ነው።

«ዩኒቨርሲቲው ዶርም የለውም እንዴ?» ትሉኝ ይሆናል። አለው እንጂ! የጅማ ዩኒቨርሲቲ የጤና ሳይንስ ኢንስቲትዩቱና የእርሻ ኮሌጁ ተዋህደው በ1992 ዓ.ም. የተመሠረተ ነው። የእርሻው እንኳ ታሪኩ ሩቅ ነው፤ እ.ኤ.አ. በ1952 የኦክላሆማ እርሻ ኮሌጅ ባለሙያዎች እየረዱት የተከፈተ ትምህርት ቤት ነበር። ዩኒቨርሲቲ የተመደበ ተማሪ ተደራራቢ አልጋና ቁም ሳጥን ይሰጠዋል፤ ከ1996 ዓ.ም. ጀምሮም የወጪ መጋራት ውል ይፈርማል፤ የምግብና የመኝታውን ዕዳ ሥራ ሲይዝ ይከፍላል። እኔ የማወራላችሁ ግን ያ ዕድል ስላልደረሳቸው ነው። የግል ኮሌጅ ተማሪ አለ፤ የማታ አለ፤ የቅዳሜና እሁድ አለ፤ ሙያ ልማር ብሎ ከገጠር የመጣ አለ። ለእነዚህ ዶርማቸው ጊንጆ ነው፤ ዕዳውም ሥራ እስኪያዝ አይጠብቅም፤ ወር በገባ በሳምንቱ በር ያንኳኳል።

በነገራችን ላይ ይህ የኛ ብቻ ጣጣ አይደለም። አሜሪካኖች ኮሚኒቲ ኮሌጅ የሚሉት አለ። የመጀመሪያው እ.ኤ.አ. በ1901 ጆሊየት በምትባል ከተማ ሲከፈት የታሰበው ልጁ ከእናቱ ቤት እየተመላለሰ እንዲማር ነበር። ስለዚህ ብዙዎቹ ዛሬም ዶርም የላቸውም። ሐሳቡ ጥሩ ነው… የእናቱ ቤት ቅርብ ለሆነ።

እስቲ ወደ ክፍሉ እንግባ። ጭቃ ግድግዳ፣ ቆርቆሮ ክዳን። የደላው ኮርኒስ አለው። ዝናብ ሲወርድ ቆርቆሮው ስለሚጮህ ማጥናት አይታሰብም፤ ያኔ ሁሉም ይተኛል። ሁለት ፍራሽ ለሦስት ሰው፣ አንድ አምፖል፣ በምስማር የተሰቀሉ ልብሶች። ውኃ ከግቢው ቧንቧ በጀሪካን ነው፤ መጸዳጃው የጋራ ነው። የኤሌክትሪክ ምድጃ የተከለከለ ነው! ቆጣሪው አንድ ስለሆነ ባለቤቷ ከሩቅ ታሸተዋለች። ስለዚህ ከሰል ነው። (ከሰል በር ተዘግቶ እንደማይነድ የማያውቅ ካለ ይወቅ፤ ጭሱ ባይታይም ይገድላል። ሲበርዳችሁ ምድጃውን አስገብታችሁ እንዳትተኙ።) እራት ሽሮ ነው። ከሽሮው ጎን ግን አዲስ አበባ ላይ በሒሳብ የምንበላው አቮካዶ አለ። ጅማ ላይ ድሃም ይበላዋል።

ኪራዩ ስንት ነው? ዋጋውን እዚህ ብጽፈው ጋዜጣው ከእጃችሁ ሳይወርድ ስለሚለወጥ ልተወው። ከዋጋው በላይ የገረመኝ ጊዜው ነው። የጊንጆ ኪራይ የሚቆጠረው በባንክ ካላንደር ሳይሆን በቡና ነው!

ነገሩ እንዲህ ነው። ምዝገባው መስከረምና ጥቅምት ላይ ነው። ቡናው ቀልቶ የሚለቀመው ደግሞ ከጥቅምት እስከ ታኅሣሥ ባለው ጊዜ ነው። ስለዚህ ገንዘብ በሚያስፈልግበት ሰሞን አባት ኪስ ውስጥ ምንም የለም። ሲለቀም ሁለት መንገድ አለ። አንደኛው እሸቱን በዚያው ቀን ለማጠቢያ ጣቢያ መሸጥ ነው፤ ገንዘቡ ወዲያው ይገኛል። ሁለተኛው አድርቆ፣ ጀንፈሉን ጎተራ አስገብቶ ዋጋ እስኪነሳ መጠበቅ ነው። ልጁ ጅማ ኪራይ ያለበት አባት ምን የሚጠብቅበት አቅም አለው? ይሸጣል። የባሰበት ደግሞ ገና በአበባው ይሸጣል፤ ገዢው ገና ያልታየ ፍሬ ላይ ዋጋውን ሰብሮ ይይዘዋል። ሌላም አለ። የቡና ዛፍ አንድ ዓመት በደንብ ካፈራ በሚቀጥለው ያርፋል። የሦስት ዓመት ትምህርት የጀመረ ልጅ ቢያንስ አንዱን ክፉ ዓመት ማለፉ አይቀርም ማለት ነው። ኮሌጁ ይህን አይጠይቅም፤ የጊንጆ አከራዮች ግን ያውቁታል።

አሁን ስለ አንዲት ልጅ ልንገራችሁ። ስሟ ይቅር። አጋሮ አካባቢ ነው ቤተሰቦቿ ያሉት፤ 45 ኪሎ ሜትር ነው፤ በየቀኑ እንዳትመላለስ ግን የትራንስፖርቱ ሒሳብ ከኪራይ ይበልጣል። አሁን ሁለተኛ ዓመት ናት። መጀመሪያ ዓመት ላይ የተከራየችው ሌላ ሰፈር፣ አንድ ትልቅ ሰውዬ ግቢ ነበር። ሦስት ወር ቀድማ ከፍላለች፤ ደረሰኝ የለ፣ ውል የለ። ሰውዬው በሁለተኛው ወር ማታ ማታ ማንኳኳት ጀመረ። አንድ ቀን «አምፖል ልይ»፤ ሌላ ቀን «በሩ ይዘጋል ወይ?»። በመጨረሻ «ኪራዩ ይቅርልሽ፤ አንቺም ሰው አታስቸግሪ» አላት። ምን ማለቱ እንደሆነ ለናንተ አላስረዳም። ሌሊቱን ወንበር በሩ ላይ ደግፋ አደረች፤ ሲነጋ ፍራሿን ተሸክማ ወጣች። የቀረው ገንዘቧ? በላው! ለአባቷ አልነገረችም። «ብነግረው ነይ ወደ ቤት ነው የሚለኝ» አለችኝ። እኔ እዚህ ላይ ዝም አልኩ። እውነቷን ነው።

ጊንጆ ያገኘችው ግቢ የአንዲት እናት ነው። ተከራዮቹ ሁሉ «አዴ» ነው የሚሏቸው። ሲገቡ «አካም ጅርቱ» ካላሉ በዚያ ቀን የግቢው ቧንቧ «ተበላሽቷል» ነው። ሕጋቸው ብዙ ነው። ወንድ እንግዳ ከደጅ ነው የሚመለሰው። ሙዚቃ በአዛን ሰዓት አይከፈትም። የግቢው በር ከምሽቱ 2 ሰዓት ላይ ይቆለፋል። የከተማ ልጆች እዚህ ላይ «ኧረ በናታችሁ፣ እስር ቤት ነው እንዴ?» እንደምትሉ አውቃለሁ፤ እኔም ለልጅቷ ይህንኑ አልኳት። ሳቀችብኝ። «አንተ ኪራይ የምከፍለው ለክፍሉ ይመስልሃል? ለቁልፉ ነው» አለችኝ።

አዴ ኪራዩን እስከ ኅዳር ይታገሳሉ። «እኔም የቡና ልጅ ነኝ፤ አውቀዋለሁ» ነው መልሳቸው። ጥር ላይ ግን ይጨምራሉ! ቡናው ተሸጧላ! ክረምት ሁሉም አገሩ ሲገባ ደግሞ «ክፍሉን አቆይልሻለሁ፣ ግማሽ ክፈዪ» ይላሉ። ደግ ናቸው ወይስ ነጋዴ? ልጅቷ ሁለቱንም ናቸው ትላለች፤ ለኔም እንዲሁ መሰሉኝ።

ስለ ሕጉ ከጠየቃችሁ፣ የመኖሪያ ቤት ኪራይ አዋጅ ቁጥር 1320/2016 አለ። ውሉ በጽሑፍ ይሁን፣ ይመዝገብ፣ ቅድሚያ ክፍያ ከሁለት ወር አይብለጥ፣ ውሉ ከሁለት ዓመት አይነስ ይላል። ከአዲስ አበባና ከድሬዳዋ ውጭ የሚሠራው ክልሎች በሚወስኗቸው ከተሞች ነው። ጥሩ ነው፤ ግን ሐምሌ ላይ ክፍሉን ለቆ አገሩ የሚገባ ተማሪ የሁለት ዓመት ውል ምን ያደርግለታል? እኔን ከጠየቃችሁኝ አዋጁን ሳትጠብቁ በደብተር ወረቀትም ቢሆን ጻፉ። ስንት እንደከፈላችሁ፣ ለየትኛው ወር እንደሆነ፣ ሁለት ምስክር። ከሦስት ወር ቀድማችሁ አትክፈሉ ብዬ አልመክርም፤ ከአንድ ወር በላይ አትክፈሉ ነው የምለው። ሴት ልጅ ክፍል ስታይ ቀን ብቻ አትይ፤ ማታም ሄደሽ ግቢው ውስጥ ማን እንዳለ እይ። የበሩ መቀርቀሪያ ከውስጥ ካልሆነ ተመለሽ።

ሦስት ሆነው ሲከራዩም ጣጣ አለ። ከልጅቷ ጋር የነበረች አንዷ አምና የኅዳርን ሳትከፍል ጠፋች፤ ክፉ ዓመት ገጥሟቸው አባቷ ጠርተዋት ነው አሉ። ድርሻዋን ሁለቱ ተካፈሉት። አሁን በሷ ቦታ የገባችው የማታ ተማሪ ናት፤ ቀን ሱቅ ትሠራለች። ትምህርቱ የሚያልቀው ከአዴ ሰዓት በኋላ ነው። ትልቅ ጭቅጭቅ ሆነ፤ ልትወጣ ነበር፤ እሷ ከወጣች ደግሞ ኪራዩ እንደገና ለሁለት ነው። በመጨረሻ አዴ ቁልፉን ለማታ ተማሪዋ አልሰጧትም፤ ለአጋሮዋ ልጅ ሰጧት። «ራስሽ ከፍተሽ ራስሽ ትቆልፊያለሽ፤ ከሷ ሌላ ሰው ከገባ ሦስታችሁም ትወጣላችሁ» ብለው። ከሰኞ እስከ ዓርብ፣ ማታ 2 ሰዓት ተኩል ላይ በሩ ሥር ጃንጥላ ይዛ የምትቆመው እሷ ናት።