ጃንሜዳን ያየሁ ዕለት

በእኛ በላስታ የገና ጨዋታ የሚወድ ሰው የጃንሜዳን ስም ሳይሰማ አይቀርም። እኔ የሰማሁት ከአያቴ ነው። አያቴ በጃንሆይ ዘመን ወታደር ሆነው አዲስ አበባ ስለ ኖሩ፣ በመንደራችን አንድ ልጅ ሩር አሳምሮ ሲመታ ባዩ ጊዜ፣ «ይህስ ጃንሜዳም ቢወርድ አያሳፍር» ይሉ ነበር። ከዚህ የሚበልጥ ምስጋና በቤታችን አልነበረም። እኔም ይህን ቃል ያገኘሁት ሁለት ጊዜ ብቻ ነው።

አንድ መምህራችን እንደ ነገሩን፣ ጎልፍ የሚጫወቱ ሰዎች በስኮትላንድ አገር ሴንት አንድሩስ በተባለው ከተማ የሚገኘውን ጥንታዊ ሜዳ አንድ ጊዜ ለመርገጥ ሲሉ ባሕር ተሻግረው ይሄዳሉ። ጎልፍም ትንሽ ኳስን በዱላ መምታት ስለ ሆነ የገና ዘመድ ይመስለኛል፤ ልዩነቱ ጎልፈኛውን የሚጋፋው ሰው አለመኖሩ ነው። እንግዲህ ለእኔ እንደዚያ ያለው ቦታ ጃንሜዳ ነበር።

የእኛን ሜዳ ለማያውቅ አንባቢ ጥቂት ልንገር። ላሊበላ ከባሕር ወለል በላይ 2,500 ሜትር ገደማ ከፍ ብሎ በተራሮች መካከል የተቀመጠ ስለ ሆነ፣ ሜዳ የምንለው ድንጋይ ያነሰበትን ተዳፋት ነው። ታኅሣሥ 29 ቀን፣ የጌታችንና የንጉሥ ላሊበላ ልደት በአንድነት ሲከበር፣ ካህናቱ በቤተ ማርያም ቤዛ ኩሉ ብለው ከፈጸሙ በኋላ፣ እንግዳው ወደ ማረፊያው፣ እኛም ዱላችንን ይዘን ወደ ተዳፋቱ እንሄዳለን። ሩሯ ከወይራ ጉጥ የተጠረበች ስለ ሆነች ቁርጭምጭሚት ስታገኝ አትምርም። ቢያምም አይቆጡም፤ ወጉ እንደዚያ ነውና። ቁልቁል የሚመታው ወገን ይጠቀማል ብላችሁ ግን እንዳታስቡ፤ ሩሯ ገደል ስትገባ ወርዶ የሚያወጣት የመታት ሰው ነው። ስለዚህ የላስታ ልጅ ሩርን መሬት ለመሬት አይነዳም፤ ከድንጋዩ በላይ አንሥቶ በአጭሩ ማሳረፍን ይማራል።

በ2015 ዓ.ም. በጥር ወር መጀመሪያ፣ የዘጠነኛ ክፍል ተማሪ ሳለሁ፣ አጎቴን ለመጠየቅ ወደ አዲስ አበባ ሄድሁ። የአያቴንም ዱላ ይዤ ነበር። የአውቶቡሱ ረዳት «ይህ ለማን ጭንቅላት ነው?» ብሎ ከመቀመጫ በታች አስገባው።

በደረስሁ በማግሥቱ ከአጎቴ ልጅ ጋር ከስድስት ኪሎ በእግራችን ሄድን። ያን ያህል ለጥ ያለ ሰፊ መሬት ለጨዋታ ተለቅቆ አይቼ አላውቅም ነበርና ዝም ብዬ ቆምሁ። በአንድ ወገን ለጥምቀት በዓል የሚያሰናዱ ሰዎች ወዲያና ወዲህ ይላሉ፤ በሌላው ወገን ሯጮች ይዞራሉ፤ መካከሉን እግር ኳስ የሚጫወቱ ልጆች ይዘውታል። ሣሩ ተረግጦ አልቆ አቧራው ይነሣል። በ2012 ዓ.ም. በወረርሽኙ ምክንያት የአትክልት ገበያ ወደዚህ ተዛውሮ እንደ ነበረና በ2013 ዓ.ም. ከጥምቀት በፊት እንደ ተነሣ የአጎቴ ልጅ ነገረኝ። የገና ዱላ የያዘ ሰው ከእኔ በቀር አንድም አልነበረም።

ጃንሜዳ ለወሎ ሰው የጨዋታ ቦታ ብቻ አይደለም። ጥቅምት 17 ቀን 1909 ዓ.ም. በሰገሌ ጦርነት የተሸነፉት ንጉሥ ሚካኤል፣ በሰንሰለት ታስረው በድል አድራጊው ሠራዊት ፊት ያለፉት በዚሁ ሜዳ ነው። በየት በኩል አልፈው ይሆን እያልሁ ዐይኔን ሳዞር አንዲት ኳስ እግሬ ሥር መጣች።

በዱላዬ መትቼ መለስሁላቸው። ልጆቹ ሳቁ፤ ወዲያውም ከበቡኝ። አንዱ «ይህ ሆኪ ነው?» አለ። የገና ጨዋታ መሆኑን ስነግራቸው ስሙን ሁሉም ያውቁታል፤ ዱላውን በእጁ የነካ ግን ከመካከላቸው አልነበረም። የኢትዮጵያ ባህል ስፖርቶች ፌዴሬሽን ሕግ አውጥቶለት ውድድር እንደሚያዘጋጅ፣ ከገጠር የመጣሁት እኔ ለጃንሜዳ ልጆች ማስረዳቴ ለራሴም አስገረመኝ።

ሩሯን ከኪሴ አውጥቼ ጣልሁ። ዱላችን አንድ ብቻ ስለ ነበረ በየተራ መታን። እኔ በላስታ ልማድ አንሥቼ ባሳርፋት፣ ለጥ ያለው መሬት ይዟት ሄደ፤ ካሰብሁት እጥፍ ራቀች። በተዳፋት የተማርሁት ጥበብ እዚያ ብዙ አልረዳኝም። እነርሱ ግን በእግር ኳስ ስለ ለመዱ፣ ክፍት ቦታ አይቶ መላክን ቶሎ ያዙት። አንድ ቀጭን ልጅ በሦስተኛው ምቱ ሩሯን እስከ ሯጮቹ መንገድ ሰደዳት። «ይህስ ጃንሜዳም ቢወርድ አያሳፍር» ልለው ስል የቆምንበት ቦታ ትዝ ብሎኝ ብቻዬን ሳቅሁ። ሲመሽ ሩሯን ለእርሱ ተውሁለት።

አያቴ ስለ ሜዳው እንደሚጠይቁኝ አውቄ፣ በመመለሻዬ መንገዱን ሁሉ መልስ ሳዘጋጅ ነበር። ጨዋታው ቀርቷል ብላቸው ያዝናሉ፤ አልቀረም ብላቸው መዋሸት ይሆናል። እርሳቸው ግን ዱላቸውን ተቀብለው ቆልማማውን ጫፍ በጣታቸው ዳሰሱና «ተልጧል፤ ተመትቶበታል» አሉ። ቀጥለውም፣

«ማን አሸነፈ?» አሉኝ።

«አልቆጠርንም» አልኋቸው።