«አቤት» ስለሚሉ ልጃገረዶች

ሴት ልጅ ስትዘፍን ሰምቶ ደስ የማይለው ሰው በአገራችን ብዙ አይደለም፤ «የእኔ ልጅ ዘፋኝ ትሁን» የሚል አባት ግን እጅግ ጥቂት ነው። ዜማውን እንወዳለን፥ ዜመኛይቱን እንንቃለን። «አዝማሪ» የሚለው ቃል እንኳ የሙያ ስም ሆኖ ሳለ ለስድብ የሚነገርበት ጊዜ ይበዛል። ይህ ነገር ትክክል ነውን? ብዬ በሻኪሶ ሆኜ ብዙ ጊዜ አስቤበታለሁ።

እንዳስብ ያደረገኝም «የኛ» የተባለው የሬዲዮ ድራማ ነው። ይህ ድራማ በ2005 ዓ.ም. በአዲስ አበባና በአማራ ክልል መሰማት ጀመረ። ታሪኩም አስተዳደጋቸው ልዩ ልዩ የሆነ አምስት ልጃገረዶች በችግር መካከል ተገናኝተው በሙዚቃ አንድ ስለ መሆናቸው የሚናገር ነው። ተጫዋቾቹ ተረፍ ካሣሁን፥ ዘቢባ ግርማ፥ እየሩሳሌም ቀለመወርቅ፥ ራሔል ጌቱና ለምለም ኃይለሚካኤል በድራማው ብቻ ሳይወሰኑ በእውነትም የሙዚቃ ባንድ ሆነው ዘፈኑ። «ጣይቱ» በሚለው ዘፈናቸው አስተር አወቀ አብራቸው አዜማለች። ከመጀመሪያዎቹ ዘፈኖቻቸው አንዱ ደግሞ «አቤት» ይባላል።

ይህን ቃል እኔ በሁለት ስፍራ ተምሬዋለሁ። በልጅነቴ በየኔታ ፊት ዳዊት ስደግም «እግዚኦ» ማለት በአማርኛ «አቤቱ» እንደ ሆነ ተነገረኝ። ዛሬም በፍርድ ቤት በጸሐፊነት ስሠራ ባለጉዳይ ሁሉ «አቤት» እያለ ይመጣል፤ በኦሮምኛም ማመልከቻ «ኢያታ» መባሉ ከጩኸት የመጣ ነው። ነገር ግን ስለ ልጃገረድ ጋብቻ ክርክር ሲነሣ ብዙ ጊዜ የሚናገረው አባት፥ አጎት ወይም ወንድም ነው። የልጅቱ ስም በመዝገብ ይጻፋል፤ ድምፅዋ ግን አይሰማም። በ1997 ዓ.ም. በሥራ ላይ የዋለው የወንጀል ሕግ ያለ ዕድሜዋ ልጅ የሚያገባውን ሰው፥ ልጅቱ 13 ዓመት ከሞላት እስከ 3 ዓመት፥ ከ13 ዓመት በታች ከሆነች እስከ 7 ዓመት በሚደርስ እሥራት ይቀጣል። ሆኖም ሕግ የሚፈርደው ነገሩ ሲነገር ነው። ዝም ላለች ልጅ ዳኛ ከወዴት ይመጣላታል?

የጉጂ እናቶች ይህን ከጥንት ጀምሮ ያውቁታል። በአንዲት ሴት ላይ ግፍ ሲሠራ «ሲንቄ» የተባለውን በትር ይዘው፥ በአንድነት እያዜሙ ይወጣሉ፤ የሰሙአቸውም ሽማግሌዎች ነገሩን ቸል ሊሉት አይችሉም። እንግዲህ የሴቶች ማኅበር በዜማ አቤት ማለቱ ከባሕር ማዶ የመጣ እንግዳ ነገር አይደለም።

የ14 ዓመት ልጄ ከሦስት ጓደኞቿ ጋራ በትምህርት ቤት ለመዝፈን ፈቃድ በጠየቀችኝ ጊዜ አንድ ወዳጄ «ወንድሜ፥ አዝማሪ ልታደርጋት ነውን?» አለኝ። እኔ ግን በሚሲዮን ትምህርት ቤት ሳለሁ ከእኛ ጋራ ተሰልፈው ይዘምሩ የነበሩትን ሴቶች ልጆች አስታወስሁ፤ ዛሬ ከመካከላቸው ነርስና አስተማሪ የሆኑ አሉ። ስለዚህ «በሰው ፊት አፏን መክፈት ያልለመደች ልጅ በክፉ ቀን አቤት ማለትን ማን ያስተምራታል?» ብዬ መለስሁለት። ለልጄም ትምህርቷን እንዳታስታጉል አስጠንቅቄ፥ ከደመወዜ ቆጥቤ አንድ ክራር ገዛሁላቸው።

ክራሩን በገዛሁ ጊዜ ይህ ሁሉ ያለ ወጪ እንደማይሆን ተረዳሁ። «የኛ»ም የቆመው በእንግሊዝ መንግሥት ርዳታ ነበር። 5.2 ሚሊዮን ፓውንድ ከተመደበለት በኋላ፥ በዚያው አገር ጋዜጦች «የግብር ከፋይ ገንዘብ ለዘፋኞች ባከነ» እያሉ ስለ ነቀፉ፥ መንግሥቱ በ2009 ዓ.ም. ርዳታውን አቋረጠ። ድራማው ግን ፈጽሞ አልጠፋም፤ በኋላ በቴሌቪዥንም ታይቷል። ቢሆንም ስሙ «የኛ» የሆነ ነገር ወጪው የሌላ ሲሆን፥ ሌላው እጁን በሰበሰበ ጊዜ መናወጡ አይቀርም።

ስለዚህ ወላጆች ሆይ፥ ሴቶች ልጆቻችን በትምህርት ቤት በዓል ቀን ሲያዜሙ ሥራችንን አቆይተን እንሂድ፤ በፊተኛው ወንበር ተቀምጠንም እንስማቸው። ዛሬ ዘፈናቸውን ያልሰማ አባት ነገ አቤቱታቸውን ከሌላ ሰው አፍ ይሰማዋልና።