«ዶክተር ሆነሽ መድኃኒት የለሽም?»

ሰፈራችን ውስጥ «ዶክተሯ» ነው የሚሉኝ። እኔ ግን መርፌ አልወጋ፣ ማዘዣ አልጽፍ! ፋርማሲ ተምሬ ለሦስተኛ ዲግሪ አውሮፓ የዘለቅሁ የላብራቶሪ ሰው ነኝ። ሥራዬ ናኖ ሜዲስን ይባላል። ስሙ አያስደንግጣችሁ፤ ነገሩ የማጓጓዝ ጉዳይ ነው።

የካንሰር መድኃኒት ደም ሥር ውስጥ ከገባ በኋላ ወዳጅና ጠላት አይለይም። ዶክሶሩቢሲን የተባለው ቀዩ መድኃኒት ዕጢውን ሲመታ ፀጉር ያረግፋል፣ ልብንም ሊጎዳ ይችላል። ስለዚህ ከቅባት በተሠራች ከረጢት ይጠቀለላል። ከረጢቷ የአንድ ሚሊ ሜትር 10 ሺህኛ ያህል ብትሆን ነው። እንዲህ የተጠቀለለው ዶክሲል አሜሪካ ውስጥ የተፈቀደው በ1995 እ.ኤ.አ. ሲሆን፣ በልብ ላይ የሚደርሰውን ጉዳት ቀንሷል።

ታዲያ አለቀ በሉኛ! የት ሊያልቅ! በ2016 እ.ኤ.አ. የቶሮንቶ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች የ10 ዓመት ጥናቶችን ሰብስበው ሲያሰሉ፣ እንስሳት ላይ ከተወጋው ናኖ ቅንጣት ዕጢው ጋ የደረሰው በመካከለኛ ግምት 0.7 በመቶ ብቻ ሆኖ ተገኘ። ከ1 ሺህ 7 መሆኑ ነው። ብዙውን ጉበትና ጣፊያ መንገድ ላይ ያስቀሩታል። እኔን ወደዚህ ሥራ የጎተተኝ ይኸው ቁጥር ነው። «993ቱ ለምን አልደረሱም?» የሚለው ጥያቄ እንቅልፍ ነሳኝ።

አክስቴ ጡቷን ታመመችና ያንኑ ቀዩን መድኃኒት ጀመረች። ሁለተኛውን ዙር እንደጨረሰች ደወለችልኝ። «ልጄ፣ ይሄ ነገር አንጀቴን ገለበጠው። ያንቺው እስኪወጣ ልተወው?» አለችኝ።

ምን ትሉ ነበር? «በርቺ፣ ደርሷል» ማለት እንዴት ይጣፍጣል! እኔ ግን «እትዬ፣ የኔ ገና አይጥ ላይ ነው። የእርስዎ ስንት ሰው ያተረፈ ነው። ማቅለሽለሹን ለሐኪምዎ ይንገሩ፣ ማስታገሻ አለው። ቀጠሮዎን ግን እንዳይዘሉ» አልኳት። ስልኩ ላይ ዝም አለች። ከፍቷት ነበር። ግን ሄደች፤ ዙሩንም ጨረሰች።

እናንተ ሳይንስ የምትመኙ ወጣቶች፣ ይህን ሥራ ግቡበት። ደመወዙ አያሰክርም፤ ብዙው ሙከራም ይከሽፋል። ጥያቄው ግን ዕድሜ ቢሰጡት አያስቆጭም። አንድ ነገር ብቻ ልለምናችሁ፦ የታመመ ሰው «መቼ ነው የሚደርሰው?» ካላችሁ ቀን አትቁረጡለት። የእናንተን ሲጠብቅ በእጁ ያለው ያመልጠዋልና።