ከድልድዩ መሠረት የወጣው መጅ

የከተማችን ስም ፍኖተ ሰላም በግዕዝ «የሰላም መንገድ» ማለት እንደ ሆነ ሁላችንም እናውቃለን። መንገድ ሰውን ከሰው ያገናኛል፤ ነገር ግን መንገድ የሚሠራ ሰው መሬት መቆፈሩ አይቀርምና ከመሬት በታች ያለውንም ያናውጣል። ይህን የተረዳሁት ባለፈው የመንፈቅ ዓመት ዕረፍት ቡሬ አጠገብ ከሚኖሩት አጎቴ ዘንድ በሄድሁ ጊዜ ነው።

አጎቴ በዚያ ሰሞን በአንድ አነስተኛ ድልድይ ሥራ ላይ በቀን ሠራተኝነት ተቀጥረው ነበር። ክረምት ሲገባ ወንዙ እየሞላ ተማሪውን ከትምህርት ቤት፣ በሽተኛውን ከሐኪም ስለሚያስቀር የአገሩ ሰው ድልድዩን በናፍቆት ይጠብቃል። አንድ ቀን ምሳ ይዤላቸው ስሄድ በተቆፈረው መሠረት ጥግ ጥቁር አመድ፣ የሸክላ ገልና አንድ የወፍጮ መጅ ተገልጦ አየሁ። ማንንም ሳልጠይቅ መጁን መንጭቄ አወጣሁና እንደ ጀግና እየተንጎራደድሁ ወደ ቤት ወሰድሁት። በማግሥቱ ብመለስ ያ ጥግ በድንጋይና በሲሚንቶ ተሞልቶ ቆየኝ።

ትምህርት ሲከፈት መጁን ለታሪክ መምህራችን አሳየኋቸው። እርሳቸውም አገላብጠው አዩትና፣ «ከስንት ክንድ ጥልቀት ወጣ? ከአመዱ በላይ ነበር ወይስ በታች? ገሉስ የት አለ?» ሲሉ ጠየቁኝ። አንዱንም ልመልስ አልቻልሁም። «ልጄ፣ ምስክሩን ይዘህ መጣህ፤ ምላሱን ግን ቆርጠህ ጣልኸው» አሉኝ።

ቀጥለውም እንዲህ ሲሉ አስረዱን። አፈር በአፈር ላይ እየተደረበ ስለሚሄድ፣ ካልተናወጠ በቀር የታችኛው ከላይኛው ይቀድማል፤ ከአመዱ ጋር የሚገኝ ከሰልም ዘመኑን ሊያመለክት ይችላል። ስለዚህ ዕቃው ከቦታው ከተለየ ታሪኩ ይጠፋል። በ1992 ዓ.ም. የወጣው የቅርስ ጥናትና አጠባበቅ አዋጅ ቁጥር 209ም፣ በመንገድ ወይም በሕንፃ ሥራ ሲቆፍር ቅርስ ያገኘ ሰው ወዲያውኑ እንዲያስታውቅና ባለሥልጣኑ እስኪረከበው ድረስ ሳይነካ እንዲጠብቀው ያዛል። እ.አ.አ. በ1963 የአዋሽን ውሃ ያጠና የነበረው የኔዘርላንድ ሰው ጄራርድ ዴከር በመልካ ቁንጡሬ የጥንት ሰው የድንጋይ መሣሪያዎችን አገኘ። ሙያው ውሃ ነበር፤ ሆኖም ያየውን ስላስታወቀ ሊቃውንት ተከታትለው ቆፈሩ፤ ቦታውም እ.አ.አ. በ2024 በዩኔስኮ የዓለም ቅርስ ሆኖ ተመዘገበ።

ለፋሲካ ወደ ቡሬ በሄድሁ ጊዜ ይህን ለአጎቴ ነገርኋቸው። «ሥራው ቢቆም የቀን ደመወዜን ማን ይከፍለኛል? ወንዙስ ይታገሠናል ወይ?» አሉኝ። እውነታቸውን ነው። ስለዚህ መድኃኒቱ ሥራውን መከልከል ሳይሆን አስቀድሞ መስመሩን በእግር እየሄዱ ማጥናት፣ ቁፋሮ ሲጀመርም አንድ ዐዋቂ አጠገቡ ማቆም ነው። እርሱ ለክቶ፣ ሥሎና ፎቶግራፍ አንሥቶ እስኪጨርስ ሠራተኛው በሌላው ጥግ ሊቆፍር ይችላል።

ወንድሞቼና እኅቶቼ! መንገድ ሲቆፈር ገል ወይም አመድ ብታዩ እጃችሁን ሰብስቡ፤ ቦታውን ምልክት አድርጉና ለካቦው፣ ለመምህር ወይም ለባህል ጽሕፈት ቤት ንገሩ። «የቸኮለች አፍሳ ለቀመች» ይባላል፤ እኔ ያፈሰስሁት ግን አይለቀምም። መጁን ከመምህራችን ጋር ወስደን ለጽሕፈት ቤቱ ባስረከብን ጊዜ «የተገኘበት ጥልቀት» በሚለው መስመር ላይ በገዛ እጄ «አይታወቅም» ብዬ ጻፍሁ።