ከከሚሴ በላይ ያለው ሰማይ

ከአዲስ አበባ ወደ ደሴ በመኪና የሚሄድ ሰው ሰንበቴን አልፎ ከሚሴ ሲደርስ ወርዶ ወገቡን ያፍታታል፤ ሻይ ይጠጣል። በ1928 ዓ.ም. ከአዲስ አበባ ወደ ደሴ በአየር የሚመላለሱት አብራሪዎች ግን ይህ ዕረፍት አልነበራቸውም።

ከነዚህ አንዱ የቺካጎው ጥቁር አሜሪካዊ ጆን ሮቢንሰን ነው። በ1927 ዓ.ም. መጥቶ የኢትዮጵያን አየር ኃይል መራ፤ ከጣሊያን ጋር በተደረገው ጦርነትም መልእክት ያመላልስ ነበር። ከአውሮፕላኖቹ መካከል ፖቴዝ 25 ይገኝበታል፦ ባለድርብ ክንፍ፣ ለሁለት ሰው የተሠራ፣ መቀመጫው ጣሪያ የሌለው። ንፋሱ ፊት ይገርፋል። አብራሪው ወንዝና ተራራ እያየ ነው መንገዱን የሚለየው፤ በከሚሴ አካባቢ ደግሞ የቦርከና ወንዝና የጨፋ ረግረግ ከላይ ጎልተው ይታያሉ።

ኅዳር 26 ቀን 1928 ዓ.ም. አብራሪዎቹ የሚመላለሱባትን፣ ንጉሠ ነገሥቱም የሰፈሩባትን ደሴን የጣሊያን አውሮፕላኖች ደበደቧት።

በዚያው ዘመን ጀርመናዊው ሉድቪግ ዌበር ከኢትዮጵያውያን ጋር አዲስ አበባ ላይ የሠራት ባለሁለት መቀመጫ አውሮፕላን «ፀሐይ» ተማርካ ጣሊያን ኖረች። የተመለሰችው ጥር 2016 ዓ.ም. ነው።

በአሜሪካ ኦሽኮሽ ከተማ የጥንት አውሮፕላን ባለቤቶች በየዓመቱ ከየአቅጣጫው በረው ይሰበሰባሉ። ኮምቦልቻም ለከሚሴ ቅርብ የሆነ አውሮፕላን ማረፊያ አላት። አንድ ቅዳሜና እሑድ እዚያ እንዲህ ያለ በዓል ቢዘጋጅ፣ የከሚሴና የባቲ ልጆች የሮቢንሰንን ታሪክ በዓይናቸው ባዩ ነበር።

ሮቢንሰን ከጦርነቱ በኋላ ተመልሶ ኢትዮጵያውያን አብራሪዎችን አሠለጠነ። በ1946 ዓ.ም. በአውሮፕላን አደጋ ሞተ፤ የተቀበረውም አዲስ አበባ ነው።